ዝም ያለ ሰርቨር ደህና ነው ብላችሁ እንዳትተኙ

ፎቶ ቤቴ ደሴ ነው፣ ፒያሳ አካባቢ። ሰርግ እንቀርጻለን፣ ምርቃት እናነሳለን፣ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶም እንሠራለን። ኮምፒውተር ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ የማውቀውን ያወቅሁት እያበላሸሁ ነው። ይህን የምጽፈው ሱቁ ወይም ቤቱ ውስጥ የራሱን ሰርቨር (ሌት ተቀን በርቶ ፋይል የሚያስቀምጥና የሚያካፍል ኮምፒውተር) አስቀምጦ "አንድ ነገር ከተበላሸ ኢሜይል ይልክልኛል" ብሎ ለሚተኛ ሰው ነው። እኔም እንደዚያ ብዬ ተኝቼ ነበር።

ነገሩ ከ2014 ይጀምራል። ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። ስመለስ ሱቁ ባዶ ነበር። ኮምፒውተሩ የለም፣ ሃርድ ዲስኮቹ የሉም፣ የዓመታት ፎቶ የለም። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ያጣው ብዙ ስለነበር ስለ ፎቶ ማውራት ያሳፍራል። በልቤ ግን የደንበኛ ፎቶ ከእንግዲህ አንድ ቦታ ብቻ አያድርም ብዬ ማልኩ።

ሥራው ትንሽ ሲያገግም ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ፣ ሊኑክስ ጫንኩበት፣ ኔክስትክላውድ አስገባሁበት። ኔክስትክላውድ እንደ ጎግል ድራይቭ ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ፎቶው የሚቀመጠው በራስ ማሽን ላይ መሆኑ ነው። ደንበኛው ሊንክ ይላክለታል፣ ፎቶውን እቤቱ ሆኖ ይመርጣል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ሁሉም ነገር ሸዋ በር እቤቴ ወዳለው ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ባክአፑ ሳይሳካ ቢቀር ወይም ዲስኩ ሊሞት ሲል ማሽኑ ራሱ ኢሜይል ጽፎ ይነግረኛል።

ማሽኑ ኢሜይል እንዲልክ ግን የሚልክበት አካውንት ይፈልጋል። እኔ ምን አደረግኩ? ዋናውን ጂሜይሌን ሰጠሁት፤ ያንኑ ከባንክ፣ ከደንበኛ፣ ከዘመድ ጋር የምጻጻፍበትን። ጎግል ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ዋናውን ፓስወርድ አይቀበልም፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርታችሁ 16 ፊደል ያለው የመተግበሪያ ፓስወርድ ታወጣላችሁ። አወጣሁ፣ አስገባሁ፣ የሙከራ መልእክት ላክሁ፣ ደረሰኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ረሳሁት።

ጥቅምት 2017 ላይ ሰኞ ገበያ መሃል ስልኬን ሰረቁኝ። በዚያው ማታ የጂሜይሌን ፓስወርድ ቀየርኩ። ማድረግ ያለብኝም ይህንኑ ነበር። ያላወቅሁት፣ ዋናው ፓስወርድ ሲቀየር የመተግበሪያ ፓስወርዶቹም አብረው እንደሚሰረዙ ነው። ደንቡ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የሰርቨሬ አፍ ተዘጋ።

ህዳር ላይ እቤት ያለው የባክአፕ ዲስክ ሞላ። ማሽኑ ኢሜይል ጻፈ፣ አልሄደም። ታህሳስ መጨረሻ ላይ የሱቁ ዲስክ መታመም ጀመረ። ስማርትዲ የሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን በየግማሽ ሰዓቱ ያያል፤ እሱም አየ፣ ጻፈ፣ አልሄደም። እኔ ኢንቦክሴን ከፍቼ ምንም ስለሌለ "አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው" እላለሁ።

ጥር የሰርግ ወር ነው፣ ታውቁታላችሁ። ሐይቅ ላይ አንድ ሃጂ ልጃቸውን ሲድሩ የቀረጽነው እኛ ነበርን። ፎቶና ቪዲዮውን ወደ ሰርቨሩ ገለበጥኩ። በሳምንቱ ሌላ ሰርግ ስለነበር ሜሞሪ ካርዶቹን አጥፍቼ ሥራ ላይ አዋልኳቸው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሱቅ ስገባ ማሽኑ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም።

ዲስኩን አዲስ አበባ ድረስ ይዤ ሄድኩ። ጥቂት ፎቶ ተረፈ። የሃጂ ልጅ ሰርግ ግን አልወጣም።

ሐይቅ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው፣ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። ቡና ቀርቦ ነበር። ሃጂ ዝም ብለው አዳመጡኝና "አብሽር ልጄ፣ ሰው ደህና ይሁን" አሉኝ። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ። እናትየዋ ግን ተነስተው ጓዳ ገቡ፣ እኔ እስክወጣ ተመልሰው አልመጡም።

ማታ ተመልሼ የማሽኑን ሎግ፣ ማለትም የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፈትኩ። አንድ ዓይነት መስመር ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፦ መግባት አልተቻለም፣ ፓስወርዱ ትክክል አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ሲጮህ ከርሟል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የግል ኢሜይላችሁን ለሰርቨር አትስጡት። አንደኛ፣ ፓስወርዱ ሴቲንግ ፋይል ውስጥ እንዳለ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ማሽኑን የሰረቀ ወይም ሰብሮ የገባ ሰው በዚያች ፓስወርድ ደብዳቤያችሁን ሁሉ ማንበብ ይችላል። ሁለተኛ፣ በግል አካውንታችሁ ላይ የምታደርጉት ማንኛውም ነገር ሳታውቁት የማንቂያውን ገመድ ሊበጥሰው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ደግሞ የባሰ ነው፣ እልህ ያዘኝ። ሁሉን ነገር በራሴ አደርጋለሁ ብዬ ሱቁ ውስጥ የራሴን ሜይል ሰርቨር ለማቆም ተነሳሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀሁበት። ሜይል ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚቀባበሉት በፖርት 25 ነው፣ ከሱቄ መስመር ደግሞ ይህ በር ወደ ውጭ አያሳልፍም። የአይፒ አድራሻዬ (መስመሬ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ራውተሩ በጠፋ ቁጥር ይቀያየራል። ስፓምሃውስ የሚባል ድርጅት ደግሞ የቤትና የሱቅ መስመር አይፒዎችን የሚይዝበት ዝርዝር አለው፤ ብዙ ተቀባዮች ከዚያ ዝርዝር የመጣ ኢሜይል ሲያዩ ገና ከደጅ ይመልሱታል። ጥፋት ስለሠራችሁ አይደለም፣ ከእንዲህ ዓይነት መስመር ኢሜይል በቀጥታ መላክ የለበትም ተብሎ ስለሚታሰብ ነው።

እሺ ብዬ ውጭ አገር ሰርቨር ተከራየሁ። እዚያም ለአዲስ ደንበኛ ፖርት 25 ዝግ ነው፣ ለምኜ አስከፈትኩ። አይፒው ወደ ስም ሲመለስ የኔን ዶሜን (ኢሜይል አድራሻ ላይ ከ@ በኋላ የሚመጣውን ስም) እንዲጠራ አስተካከልኩ። ኢሜይሉ ሄደ። ሄዶ የት ገባ? ስፓም ውስጥ። ጎረቤት አይፒዎች ላይ ያሉ ሰዎች የሠሩት ጥፋት ለእኔም ተርፎ ነው።

ኮምቦልቻ ኔትወርክ ላይ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ደሴ መጥቶ ይህን ሁሉ ጣጣ ነገርኩት። ሳቀብኝ። "አንተ የፈለግከው አንድ ደብዳቤ መላክ ነው፣ ፖስታ ቤት ምን ያስከፍትሃል?" አለኝ። በዚያው ሳምንት የተከራየሁትን ሰርቨር ዘጋሁት። ሜይል ሰርቨር ማቆም ለመማር ጥሩ ነው፣ ደስ ካላችሁ ሞክሩት። ዲስክ ሊሞት ሲል የሚነግራችሁን ማንቂያ ግን በምትማሩበት ነገር ላይ አታንጠልጥሉ። ማንቂያው የሚጠብቀው ማሽን ላይ ራሱ የሚያድር ኢንቦክስም አትሥሩ፤ ማሽኑ ሲሞት ስለ ሞቱ የተጻፈው ደብዳቤ አብሮት ይሞታል።

ቀጥሎ "ፕራይቬት ኢሜይል" የሚለው ነገር ሳበኝ። የደንበኛ ነገር ስለሆነ ማንም እንዳያየው ፈለግሁ። እዚህም ሁለት ቀን ባከንኩ፣ እናንተ አትባክኑ። ቱታ ጥሩ ስም አለው፤ ግን ኤስኤምቲፒ የለውም፣ ማለትም ኔክስትክላውድ ገብቶ የሚልክበት መንገድ የለም። ፕሮቶን ሜይል ላይ ወይ ብሪጅ የሚባለውን ፕሮግራም ማሽናችሁ ላይ ማስኬድ፣ ወይ ክፍያ ባለው ፕላን የራሳችሁን ዶሜን አስገብታችሁ የኤስኤምቲፒ ቶከን (እንደ ፓስወርድ ያለ ነገር) ማውጣት አለባችሁ። ፖስቲዮ ደግሞ የራስ ዶሜን አያስገባም። ለሰው ለመጻጻፍ ሁሉም መልካም ናቸው። የሚልከው ማሽን ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው "ኤስኤምቲፒ አለው ወይ?" ነው።

ደግሞም ቆይቶ የገባኝ ነገር አለ። ማሽኑ ኢሜይሉን ለሜይል አገልግሎቱ ሲያስረክብ መንገዱ የተመሰጠረ ይሁን እንጂ ደብዳቤው ራሱ ግልጽ ነው። ስለዚህ ምስጢር የሚጠበቀው በዋናነት ደብዳቤው ውስጥ ብዙ ባለመጻፍ ነው። የኔ ማንቂያ ድሮ የደንበኛ ስም፣ የፎልደር ስም፣ ሁሉን ይዘረግፍ ነበር። አሁን "ሱቅ፣ ዲስክ 2፣ እይ" ይላል፣ ዝርዝሩን ማሽኑ ላይ ገብቼ አያለሁ። ለደንበኛ የሚሄደው ሊንክም ፓስወርድና የማብቂያ ቀን አለው፣ ፓስወርዱን በስልክ ደውዬ ነው የምነግራቸው። የሙሽራ ፎቶ ነው፣ ጨዋታ አይደለም።

በመጨረሻ ያደረግኩት ቀላል ነው። ያንኑ ዶሜኔን ይዤ ለማንቂያ ብቻ አንድ ንዑስ ዶሜን (ከዋናው ስም ፊት ሌላ ቃል የተጨመረበት) ለየሁ፣ ኤስኤምቲፒና የራስ ዶሜን የሚፈቅድ የሚከፈልበት ሜይል ወሰድኩ። ፋስትሜይል፣ ሚጋዱ፣ ሜይልቦክስ ዶት ኦርግ ሁሉም ይህን ያስችላሉ፣ ሌሎችም አሉ። የዕለት የመላኪያ ጣሪያቸውንና ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን ፓስወርድ ማውጣት መቻላችሁን ሳታዩ አትክፈሉ። የኔክስትክላውዱ ፓስወርድ ቢሰረቅ እሱን ብቻ ትሰርዛላችሁ፣ ባክአፑ ሥራውን ይቀጥላል።

ክፍያው በዶላር ስለሆነ ጅዳ ያለችው እህቴ ናት የከፈለችልኝ። በየወሩ እሷን ከማስቸገር የዓመቱን ባንዴ አስከፈልኳት፣ እኔ ደግሞ እዚህ ለእማ አስቤዛ አደረግሁ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ዶሜኑን በገዛችሁበት አካውንት ላይ የምታስመዘግቡት ኢሜይል በዚያው ዶሜን ላይ ያለ አይሁን። ዶሜኑ ጊዜው ሲያልፍ ኢሜይሉም ይዘጋል፣ "አድሱ" የሚለው ማሳሰቢያ የሚደርስበት ቦታ ያጣል። እዚህ ላይ የድሮው ጂሜይል ይጠቅማል።

አሁን ዶሜኑ ላይ ስለሚጻፉት ሦስት መዝገቦች። ኤስፒኤፍ "በዚህ ዶሜን ስም መላክ የሚችለው ይህ ሰርቨር ነው" የሚል ዝርዝር ነው። ዲኪም በየደብዳቤው ላይ እንደሚመታ ማህተም ነው፣ ተቀባዩ እውነተኛነቱን ዶሜኑ ላይ ባለው ቁልፍ ያመሳክራል። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱም ሳይሳኩ ሲቀሩ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይነግራል። ጎግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ትንሽ የሚልክ ሰው እንኳ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም እንዲኖረው ይጠይቃሉ፤ በቀን ከ5,000 በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክ ደግሞ ሦስቱም ግድ ነው። እናንተ ሦስቱንም አድርጉ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የኔ ስህተት ኤስፒኤፍን ሁለት ጊዜ መጻፌ ነበር። የድሮውን ሳላጠፋ አዲሱን ጨመርኩ። ለአንድ ዶሜን አንድ የኤስፒኤፍ መስመር ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ሁለት ሲሆን ሁለቱም ከንቱ ናቸው። ሁለት የምትልኩበት ቦታ ካላችሁ በአንዱ መስመር ውስጥ አዋህዷቸው። ሜይል ቴስተር የሚባል ድረ ገጽ ላይ ብትልኩ ከ10 ስንት እንዳመጣችሁና ምን እንደጎደለ ይነግራችኋል፤ እኔም ጉዱን ያየሁት እዚያ ነው።

ሌላው ሌሊት የበላብኝ ፖርት ነው። 465 ከመጀመሪያው ሰከንድ ምስጢራዊ ነው። 587 በግልጽ ይጀምርና ስታርትቲኤልኤስ በሚባለው ወደ ምስጢር ይሸጋገራል። ፕሮግራሙ ላይ 465 ጽፋችሁ ከጎኑ ያለውን ምርጫ የ587ቱን ብታደርጉት ስህተት እንኳ ሳይነግራችሁ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይተወዋል። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ፓስወርድ ስቀያይር አደርኩ፣ ፓስወርዱ ምንም አልሆነም።

ስለ መብራት ሳልናገር ባልፍ ወሎ ውስጥ ያለ ሰው ይታዘበኛል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢሜይል እንደገና አልሄድ አለ። ጉዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ አልቃ ኖሯል። ማሽኑ ሲነሳ ዓመቱን 2012 እ.ኤ.አ. ነው ብሎ ያምናል፤ ኮኔክሽኑ ገና ስላልመጣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት አላስተካከለም። በዚያ ቀን ሲያይ የሜይል ሰርቨሩ ሰርተፍኬት (ማንነቱን የሚያሳይበት ዲጂታል መታወቂያ) ገና ያልጀመረ ይሆንበታል፣ አላምነውም ብሎ ይዘጋል። አንዲት ባትሪ! ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዙ ከሁሉ በፊት እሷን ቀይሩ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ይህ ነው። መጀመሪያ ኤምኤስኤምቲፒ የሚባል ቀላል ፕሮግራም ነበር የምጠቀመው። ጥሩ ነው፣ ግን ልልክ ሲል ኔትወርክ ከሌለ እንደማይሳካ ተናግሮ ያበቃል፣ ደብዳቤውን በራሱ አያቆይም። ኔትወርክ በሚመጣ በሚሄድበት አገር ይህ አይሆንም። ስለዚህ ፖስትፊክስ ጫንኩ፣ ሜይል ሰርቨር እንዲሆን ሳይሆን ተላላኪ እንዲሆን ብቻ። ኔክስትክላውዱም፣ ባክአፑም፣ ስማርትዲም ደብዳቤያቸውን ለእሱ ይሰጡታል፣ እሱ ወደተከፈለበት ሜይል ያደርሳል። ኮኔክሽን ከሌለ ወረፋ ውስጥ ያስቀምጥና ደጋግሞ ይሞክራል፣ ካልነካችሁት እስከ 5 ቀን ድረስ። በሁሉም ፕሮግራም የሚላክ ነገር በአንድ በር ስለሚወጣ ችግር ሲኖር የማየው አንድ ሎግ ነው። ይህ ፖስትፊክስ ከውጭ ማንንም እንዳይቀበል ግን አድርጉት፣ ለራሱ ማሽን ብቻ ጆሮ ይስጥ።

አፕታይም ኩማ (ማሽኑ መሥራት አለመሥራቱን እየተከታተለ የሚናገር ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ካላችሁ መብራቱ ብልጭ ድርግም በሚልበት ቀን "ወደቀ፣ ተነሳ፣ ወደቀ፣ ተነሳ" እያለ ኢንቦክሱን ያጥለቀልቀዋል፣ የዕለቱን ጣሪያም ይጨርስባችኋል። ወደቀ ከማለቱ በፊት ጥቂት ጊዜ ደግሞ እንዲሞክር ሴቲንጉ ላይ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ። ሰርተፍኬት በነፃ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ደግሞ ሰርተፍኬት ሊያልፍ ሲል ይልክ የነበረውን ኢሜይል ከጁን 2025 ጀምሮ አቁሟል፤ የድሮውን ልማድ ይዛችሁ እሱን የምትጠብቁ ከሆነ አትጠብቁ።

"በቴሌግራም ቦት ማድረግ አይቀልም ወይ?" የሚሉኝ አሉ። ይቀላል፣ እኔም ለአጣዳፊው ነገር ጨምሬዋለሁ። ብቸኛ መንገድ ግን አላደርገውም። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለወራት ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብሎን እንደነበር እናስታውሳለን፣ ኢሜይል ያኔም ይሠራ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላም አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ኢሜይል መላኩ ራሱ ቢሰበርስ? ማን ይነግረኛል? ያለፈው ጊዜ የገደለኝ እሱ ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤታችን ከእትዬ ነው። ጎረቤታችን እትዬ በየጠዋቱ ቡና ሲወቅጡ የሙቀጫቸው ድምፅ በግድግዳ ይሰማል። አንድ ጠዋት እማ "ዛሬ ሙቀጫዋ አልተሰማም፣ ሄደህ እያት" አለችኝ። ሄድኩ፣ ታመው ተኝተዋል። እትዬ ድረሱልኝ ብለው ማንንም አልጠሩም፤ ያስጠራን በየቀኑ የሚሰማው ነገር አለመሰማቱ ነው።

እና ማሽኑን እንደዚያ አደረግኩት። በየጠዋቱ 1 ሰዓት "ደህና ነኝ፣ ባክአፑ ተሳክቷል፣ ይህን ያህል ቦታ ቀርቶኛል" የሚል አንድ መስመር ኢሜይል ይልካል። እኔ ብረሳስ? ለዚያ ደግሞ ሄልዝቼክስ የሚባለው አገልግሎት አለ። ማሽኑ ባክአፑን በጨረሰ ቁጥር እዚያ ሄዶ አንድ ጊዜ ያንኳኳል፤ በሰዓቱ ካላንኳኳ አገልግሎቱ ራሱ፣ ከራሱ ቦታ፣ ወደ ጂሜይሌና ወደ ቴሌግራሜ ይልካል። የኔ ፖስትፊክስ፣ የኔ ዶሜን፣ የኔ ዲስክ የሉበትም። ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትተዉት ይህችን ዛሬ ማታ አድርጓት።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት "ደህና ነኝ" አልመጣም። ቁርሴን ትቼ ሱቅ ሮጥኩ። ረዳቴ የስልኩን ቻርጀር ለመሰካት ብሎ የሰርቨሩን ሶኬት ነቅሎታል። ፕላስተር ለጥፌ "የነቀለ ከሥራ ይነቀላል" ብዬ ጻፍኩበት፣ እሱም ከሥሩ "አብሽር" ብሎ ጻፈበት።

ሃጂ ሰሞኑን ደውለው ነበር። ትንሿ ልጃቸው ልትዳር ነው፣ ቀራጩ አንተው ነህ አሉኝ። አላመንኩም፣ ደግሜ ጠየቅኋቸው። "አንተው ነህ ልጄ" አሉኝ። "ካርዱን ግን በዚያው ማታ ለእኔ ሰጥተህ ነው የምትሄደው።"